«ምረቃው ቀረ» ብሎ ለእናት የሚነግር ማነው?

መቼም ይህ ገጽ የፍቅርና የኩርፊያ፣ የቀጠሮና የመለያየት ጉዳይ የሚበዛበት ነው። «ትቶኝ ሄደ»፣ «ስልኬን አታነሳም» የሚል ደብዳቤ ሳላነብ የዋልኩበት ቀን የለም። ዛሬ ግን ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ትምህርት ብናወራስ? «ኧረ በናትህ፣ ትምህርት ቤት ሆንክብን!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቆዩ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱኝ። የዛሬው ባለጉዳዬ ያለቀሰው ለሴት አይደለም። ያለቀሰው ለአንዲት ወረቀት ነው።

በቅድሚያ ግን ኑዛዜ አለኝ። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። የ2008 ዓ.ም. ተፈታኝ ነኝ። አዎ፣ ያ ፈተናው ተሰርቆ ወጥቶ ግንቦት ላይ የተሰረዘበትና ክረምቱ መግቢያ ላይ እንደገና የተፈተነው ባች! በስርቆቱ ግን አላመካኝም። ሒሳቡ ከበደኝ፣ ነጥብ አልመጣልኝም፣ በቃ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ተምሬ ያወቅሁትን ሳይሆን ጠይቄ፣ ወረቀት አገላብጬ ያገኘሁትን ነው። ምናልባትም ለዚህ ነው የገባኝ፤ የማያውቅ ሰው ሁሉንም ነገር ይጠይቃል። የሚያውቅ የሚመስለው ነው የሚወድቀው።

ወደ ታሪኩ ልግባ። የምኖረው ሀና ማርያም ነው። ግቢው ውስጥ ካለችው ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ማለት ነው። አከራዬ እናት ናቸው፤ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የምጣዳቸው ጭስ በመስኮቴ ገብቶ ይቀሰቅሰኛል። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። እሱም ከሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያጠናል። ስሙንም ዩኒቨርሲቲውንም አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፍ የፈቀደልኝ በዚህ ቃል ነው።

ይህ ልጅ የሰፈሩ ኩራት ነበር። ለምን መሰላችሁ? የ2014 ዓ.ም. ተፈታኝ ነው። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ዙር ማለት ነው። ያኔ ከተፈተነው ሁሉ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከመቶ ሰው ሦስት! እሱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ውጤቱ የመጣ ዕለት እናቱ እልል ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠርተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ምረቃ። ሴትየዋ ዕቁብ የገቡት ለምረቃው ነው። የሱፍ ልብሱን ጨርቅ ገዝተው አስቀምጠዋል። የበጉ ነገር ሳይቀር ከጎረቤት ጋር ተመክሮበታል።

በሴሚስተሩ ዕረፍት ልጁ መጣ። ከስቷል። ሰላምታው ቀዝቅዟል። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ላናግርህ ፈልጌ ነበር» አለኝ።

እኔ ደግሞ ሥራዬ የልብ ጉዳይ አይደል! «ልጅቷ ስንት ወሯ ነው?» አልኩት።

አልሳቀም። «አልመረቅም» አለኝና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ጎረምሳ እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት፣ ፍሬሽማኑን፣ በደህና አለፈ። ሁለተኛ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ካልኩለስ አንድን «ኤፍ» አገኘ። ደነገጠ። ጓደኞቹ «አይዞህ፣ በሌላ ኮርስ ታካክሰዋለህ» አሉት። አመነ። እውነትም አጠቃላይ ነጥቡ ከ2.00 በታች አልወረደም። «እንግዲያውስ ደህና ነኝ» ብሎ ቀጠለ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ካልኩለስ ሁለትን ሊመዘገብ ሲሄድ «መጀመሪያ አንድን ጨርስ» ተባለ። ካልኩለስ አንድ ደግሞ እነሱ ጋ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሊደግመው ሲል ከሌላ ኮርስ ጋር ሰዓቱ ተጋጨበት። «አራተኛ ዓመት ላይ ሁሉንም አንድ ላይ አጠራቅሜ እወስዳለሁ» አለና አሳለፈው። አራተኛ ዓመት ደረሰ። ካልኩለስ አንድን ደገመውና በ«ሲ» አለፈ። ደስ ብሎት አድቫይዘሩ ጋ ሄደ። አድቫይዘሩ ወረቀቱን አየና «የኔ ልጅ፣ አንተ ዘንድሮ ተመራቂ አይደለህም» አለው።

ለምን? ኮርሶቹ ተጠራቅመው የሚወሰዱ ሳይሆኑ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸውና! ካልኩለስ አንድ ሳይታለፍ ሁለት አይነካም። ሁለት ሳይታለፍ የብዙ ተለዋዋጮች ካልኩለስ አይነካም። እሱ ሳይታለፍ ደግሞ የመጨረሻው አይነካም። በያንዳንዱ ሴሚስተር አንድ ቀለበት ብቻ ነው የሚፈታው። ሦስት ቀለበት ይቀረዋል። ሦስት ሴሚስተር ማለት ነው። ይኸው ነው ነገሩ። አንድ «ኤፍ» እና ሁለት ዓመት ዝምታ፣ አንድ ሙሉ ዓመት በሉበት።

«ለናትህ ነግረሃቸዋል?» አልኩት።

«በደወሉ ቁጥር ጥሩ ነው እላቸዋለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ወረቀቱን ተቀብዬ ታክሲ ያዝኩ። ከሀና ማርያም ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ። እዚያ አካባቢ የሚገኝ አብሮ አደጌ አለ፤ በሳይንስ ተመርቆ ዛሬ መምህር የሆነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ እዚያው አራት ኪሎ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከግቢው ፊት ለፊት ሻይ ጠጥተን አንድ በአንድ አስረዳኝ። እኔም ይኸው ለእናንተ። ዩኒቨርሲቲ ልትገቡ የተዘጋጃችሁ፣ ገብታችሁም «ሲደርስ አየዋለሁ» የምትሉ፣ እባካችሁ ልብ በሉ!

አንደኛ፦ ዓመቱን ዕወቁ። የድሮ ሰዎች ስለ ፍሬሽማን ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍሬሽማን ቀርቶ የሳይንስ ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግን ፍሬሽማን ተመለሰና ዲግሪው እንደገና አራት ዓመት ሆነ። ስለዚህ ታላቅ ወንድማችሁ «እኔ በሦስት ዓመት ነው የጨረስኩት» ቢላችሁ አልዋሸም። የሱ ምክር ግን ለእናንተ ወረቀት አይሠራም።

ሁለተኛ፦ የፍሬሽማንን ኮርስ አትናቁ። «ሎጂክ ምን ያደርግልኛል? ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ለሳይንስ ተማሪ ምኑ ነው?» የሚል ብዙ አለ። እሺ፣ ለሳይንሱ ይጠቅም አይጠቅም ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን ከሒሳቡ፣ ከፊዚክሱና ከእንግሊዝኛው ጋር ነጥባቸው አንድ ላይ ይደመራል። ዲፓርትመንት ሲመረጥ ደግሞ ይህ ድምር ይታያል። የምትፈልጉት ክፍል ሞልቶባችሁ ያልመረጣችሁት ላይ የምትመደቡት አንዳንዴ በናቃችሁት ኮርስ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፦ ከኮርሱ ስም ጎን ያለችውን ቁጥር አንብቡ። «ክሬዲት አወር» የምትባለዋ ናት። በወረቀቱ ላይ «ኢሲቲኤስ» የሚባልም ሌላ ቁጥር ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ኢሲቲኤስ ወደ 27 ሰዓት ገደማ ሥራ ማለት ነው። አምስት ጊዜ 27 ስንት ነው? 135 ሰዓት! ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ቢሆን በሳምንት ከ8 ሰዓት በላይ ይመጣል። ክፍል ውስጥ የምትቀመጡት ሦስቱን ነው። ቀሪው አምስት ሰዓት የት አለ? ላይብረሪ፣ ቱቶሪያልና ዶርም ውስጥ ነው መገኘት ያለበት። «ክፍል አልቀርም፣ ለምን ወደቅሁ?» የምትሉ፣ መልሱ እዚህ ነው። ላብራቶሪ ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ የሚያሰኝ ነገር አለ። የላብ ክሬዲት ትንሽ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቆማችሁ የምታገኙት አንዷን ብቻ ነው። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የምታጠኑ ከሰዓት በኋላችሁ የት እንደሚሄድ አሁን ገባችሁ?

አራተኛ፦ ነጥብ እንዴት እንደሚሰላ ራሳችሁ አስሉት። «ኤ» 4 ነጥብ ነው፣ «ቢ» 3፣ «ሲ» 2፣ «ዲ» 1፣ «ኤፍ» ባዶ። መሐል ላይ ፕላስና ማይነስ አሉ፤ ለምሳሌ «ቢ ፕላስ» 3.5 ነው። ነጥቡ በክሬዲቱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። እዚህ ላይ ጓደኛዬ በሂሳብ መጠየቂያው ጀርባ ላይ ያሳየኝን ላሳያችሁ። ሁለት ልጆች አራት አራት ኮርስ ወሰዱ፤ ሁለቱ ኮርስ ባለ 3፣ ሁለቱ ባለ 4 ክሬዲት፣ ጠቅላላ 14። ሁለቱም አንድ «ኤ»፣ አንድ «ቢ»፣ አንድ «ሲ»፣ አንድ «ዲ» አመጡ። የመጀመሪያው «ኤ»ውንና «ቢ»ውን ያመጣው በባለ 3ቶቹ ነው፤ ድምሩ 33፣ ሲካፈል 2.36። ሁለተኛዋ «ኤ»ዋንና «ቢ»ዋን ያመጣችው በባለ 4ቶቹ ነው፤ ድምሯ 37፣ ሲካፈል 2.64። ፊደሉ አንድ ዓይነት፣ ውጤቱ ሌላ! ስለዚህ ከባዷን ኮርስ ትታችሁ በቀላሏ ላይ አትደሰቱ።

አምስተኛ፦ «ቅድመ ሁኔታ» ወይም «ፕሪሪኩዚት» የሚለውን አምድ በቀይ እስክሪብቶ አስምሩበት። ባለጉዳዬን የበላው ይህ ነው። ከየኮርሱ ፊት ለፊት «ይህን ለመውሰድ ያንን ማለፍ ያስፈልጋል» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ትልቅ ወረቀት ውሰዱና ኮርሶቹን በየሳጥኑ ጽፋችሁ በቀስት አያይዟቸው። ብዙ ቀስት የሚወጣበት ሳጥን ካለ፣ እሱ ላይ መውደቅ እንደማንኛውም ኮርስ መውደቅ አይደለም። ቤቱን ከምሰሶው ነው የሚነቅለው። በተቃራኒው ምንም ቀስት የማይወጣበት ኮርስ ላይ ብትወድቁ መጥፎ ነው፤ ግን ዓመት አይበላም። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ተማሪ ጉልበቱን እኩል ያካፍልና ከምሰሶው ሥር ይቀበራል።

ስድስተኛ፦ ኮርሱ መቼ መቼ እንደሚሰጥ ጠይቁ። በየሴሚስተሩ ነው ወይስ በዓመት አንዴ? በክረምትስ ይሰጣል? ይህ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ከክፍል ክፍል ይለያያል። ከጓደኛ አትጠይቁ! ከአድቫይዘር ወይም ከሬጅስትራር ጠይቁ። አብሮ አደጌ እንዳለኝ ከሆነ አድቫይዘር ጋ የሚሄደው ሁለት ዓይነት ተማሪ ነው፤ በጣም ጎበዝና በጣም የረፈደበት። መሐሉ ያለው ብዙኃኑ ያፍራል። ምኑ ያሳፍራል? ሰውየው የተቀመጠው ለዚህ ሥራ ነው።

ሰባተኛ፦ የመመረቂያውን መስፈርት ከመጀመሪያው ቀን ዕወቁ። «2.00 ካለኝ እመረቃለሁ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አጠቃላዩ 2.00 መሆን አለበት፤ በዋናው ትምህርታችሁ፣ «ሜጀር» በሚባለው ብቻ የተሰላውም 2.00 መድረስ አለበት፤ ያልተደገመ «ኤፍ» መኖር የለበትም፤ በወረቀቱ ላይ የተዘረዘሩት ኮርሶች በሙሉ መሟላት አለባቸው። የልጁ ስህተት እዚህ ነበር። አጠቃላዩን ብቻ እያየ «አካክሼዋለሁ» አለ። ነጥብ ይካካሳል፤ ኮርስ ግን አይካካስም! ከዚህ ሁሉ በላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ያላመጣ ኮርሱን ሁሉ ቢጨርስም ዲግሪውን አይቀበልም፤ ደግሞ መፈተን ግን ይችላል። የመውጫ ፈተናው የሚመጣው ከዋና ዋናዎቹ ኮርሶች ነውና «ተገላገልኩት» ብላችሁ ደብተራችሁን አትጣሉ።

እንግዲህ ምክሩ ይኸው ነው። አሁን ወደ ከባዱ ልመለስ።

ማታ ተመልሼ ከልጁ ጋር ወረቀቱን ዘረጋን። በአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ የቀሩትን ኮርሶች በሳጥን ሳልናቸው። በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። «በቃ ይኼ ነው?» አለኝ። ጭንቅላቱ ውስጥ ተራራ ሆኖ የነበረው ነገር ካላንደር ላይ ሦስት ሳጥን ሆነ። ትንሽ ቀለለው። ከዚያ ጠየቅሁት፦ «ለተጨማሪው ዓመት ዶርሙና ምግቡ እንዴት ነው? ኮስት ሼሪንጉስ?» አያውቅም። «ስትመለስ የመጀመሪያ ቀን ሬጅስትራር ሄደህ ትጠይቃለህ» አልኩትና በካላንደሩ ጥግ ላይ ጻፍነው።

«እናቴንስ?» አለኝ።

«እሱ ሬጅስትራር የለውም» አልኩት።

እሑድ ቡና ላይ ነገራቸው። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ «አብረኸኝ ሁን» ስላለኝ ነው። እናት ሲኒውን አስቀመጡ። ረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከሰሉ ሲንጣጣ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው «ስንት ቀረህ?» አሉ።

«ሦስት» አለ።

«ሦስት ዓመት?»

«አይደለም እማዬ፣ ሦስት ኮርስ። አንድ ዓመት ይጨምራል።»

ካላንደሩን ዘረጋላቸው። ሴትየዋ ማንበብ እምብዛም አይሆንላቸውም፤ ሳጥኖቹን ግን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ከዚያ እንዲህ አሉት፦ «ምጣዴ አልተሰበረም። አንድ ዓመት መጋገር አያቅተኝም። የወደቅኸውንም ይቅር ብዬሃለሁ፤ ሰው ይወድቃል። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስደውልልህ ጥሩ ነው ትለኝ ነበር። እኔ የተማርኩ አይደለሁምና አይገባትም ብለህ ነው?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ያን ዕለት ሦስተኛው ቡና፣ በረካው፣ ሳይጠጣ ቀረ።

ከሰኞ ጀምሮ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ሲንቀሳቀስ እሰማ ነበር። ልጁ እስኪመለስ ድረስ ውኃ ሲቀዳላቸው፣ እንጀራውን ተሸክሞ ሲያደርስ ሰነበተ። ሲሄድ እናቱ ጣቢያ ድረስ ሸኙት። የሱፉ ጨርቅ አልተሸጠም፤ ተጠቅልሎ ሣጥን ገብቷል። ካላንደሩ ግን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጀርባው ወደ ፊት ሆኖ። እንግዳ መጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ሴትየዋ «የልጄ ኮርስ ነው፣ ሦስት ይቀረዋል» ይላሉ። አይደብቁም።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ለናንተ አንድ ጥያቄ ልተው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ዛሬ እናታችሁ ደውለው «ስንት ኮርስ ቀረህ? ስንት ቀረሽ?» ቢሉ ቁጥሩን ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁ ነገ ጠዋት ከክፍል በፊት አድቫይዘራችሁ በር ላይ ተገኙ። ካወቃችሁትና ከደበቃችሁት ደግሞ ዛሬ ማታ ደውሉ። «ኤፍ» በዓመት ይደገማል፤ የእናት እምነት ግን በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ የጻፈ ካታሎግ የለም።

ወላጆችም አንድ ቃል ልበላችሁ። «ትምህርት እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ጥሩ» ነው። «ስንት ወሰድክ? ስንት ቀረህ? ዘንድሮ የማትወስደው አለ ወይ?» በሉ። ይህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። እኔም የለኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደተለመደው የፍቅር ጉዳያችን እንመለሳለን፤ ሁለት ጓደኛሞችን ያጣላች አንዲት የልደት ግብዣ አለችና ጠብቁኝ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!